የልደት በዓልን ከቤት ርቆ ለሚያሳልፍ ወጣት ሚስዮናዊ፤ ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ውድ እናታችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ልጅዎ የ19 ዓመት ወጣት መሆኑን፣ ለኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን የሙሉ ጊዜ ሚስዮናዊ ሆኖ ከወጣ ገና ጥቂት ወራት ማስቆጠሩን፣ የልደት በዓል እየቀረበ ሲመጣም በሳምንታዊው የቪዲዮ ጥሪ ላይ ፊቱ እየጠቆረ፣ ንግግሩም እያጠረ መሄዱን ጽፈዋል። የጠየቁትም ሦስት ነገር ነው፦ በበዓሉ ዕለት ጥሪውን አርዝመን፣ ከተፈቀደም ቀኑን ሙሉ በስልክ አብሮን እንዲውል ብናደርገው አይሻለውም ወይ? ምን እንላክለት? «ካልቻልህ ተመለስ» ብንለውስ? እኔም በወጣትነቴ በዚሁ አገልግሎት ላይ ሳለሁ በዓሉን ከቤት ርቄ አሳልፌአለሁ፤ ታናሽ እህቴም ከእኔ በኋላ ሄዳ አገልግላለች። ስለዚህ ነገሩን በሄደውም በቀረውም ወገን ሆኜ አይቼዋለሁ።

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሣ፤ ዋናው እሱ ነውና። ጥሪውን እንዳያረዝሙት እመክራለሁ፤ ከርዝመቱ ይልቅ ሰዓቱ ይታሰብበት።

በእኔ ጊዜ አንድ ሚስዮናዊ የቤተሰቡን ድምፅ የሚሰማው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በልደት በዓልና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር። በተቀረው ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ኢሜይል እንጻጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2019 ቤተክርስቲያኒቱ ይህን ደንብ አሻሽላ፣ ሚስዮናውያን በየሳምንቱ በመዘጋጃ ቀናቸው (ልብስ ለማጠብ፣ ለገበያና ለመሳሰለው የግል ጉዳይ በተመደበላቸው ቀን) ለቤተሰባቸው እንዲደውሉ ወይም በቪዲዮ እንዲገናኙ ፈቀደች። ማሻሻያው ጥሩ ነው፤ የድሮው ይሻል ነበር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሆኖም በዓሉን በሚመለከት አንድ ያልታሰበ ነገር አስከትሏል። ዱሮ ያ ጥሪ ራሱ በዓሉ ነበር፤ ወራት ሙሉ ስንጠብቀው የኖርነው ስጦታ ስለነበር ብናለቅስበትም የምናለቅሰው በደስታ ነበር። ዛሬ ግን ልጁ በየሳምንቱ የሚያያቸውን ፊቶች በበዓል ልብስ፣ በተዘጋጀ ማዕድ ዙሪያ ሲያያቸው፣ ጥሪው የሚያሳየው ነገር ቢኖር እርሱ የሌለበትን ቤት ነው። እህቴ ይህንኑ ነበር የነገረችን። በአዘቦት ቀን ከእኛ ጋር ስትነጋገር ትበረታ የነበረችው ልጅ፣ በበዓሉ ዕለት ስልኩን እየተቀባበልን ቤቱን ሁሉ ስናሳያት ዐይኗን ከስክሪኑ አነሣች፤ ጥቂት ቆይታም የአገልግሎት ጓደኛዋ (አብራት የተመደበችው ሚስዮናዊት) እየጠበቀቻት መሆኑን ነግራን ተሰናበተች።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ከባዱ ጊዜ የበዓሉ ጠዋት እንደሆነ ነው። እኔ ያየሁት ግን ጠዋቱ ይታለፋል፤ ከባዱ ከጥሪው በኋላ ያለው ሰዓት ነው። የእኔን አንዱን ጥሪ ላጫውትዎ። ያደረግሁት የአጥቢያችን አባል በሆነ አንድ ቤተሰብ ቤት፣ ልጆቹ ከሚጫወቱበት ሳሎን አጠገብ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነበር። እናቴ ገና ድምፄን ስትሰማ መናገር አቃታት፤ አባቴ ስልኩን ተቀብሎ ስለ አየሩ ጠየቀኝ፣ መለስሁለት፣ ትንሽ ዝም ብሎ አሁንም ስለ አየሩ ጠየቀኝ። ስንሰነባበት የስልኩን መያዣ ይዤ ግድግዳውን እያየሁ ቆምሁ። ያን ቀን ያዳነኝ የአገልግሎት ጓደኛዬ ነው። እርሱ ከእኔ በፊት አንድ በዓል አሳልፎ ስለነበር፣ ጥሪዬ ካለቀ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ዘንድ እንድንደርስ አስቀድሞ ቀጠሮ ይዞ ኖሯል። ኮቴን አቀበለኝ፤ ወጣን። እኚያ እናት መድኃኒታቸውን የሚያስቀምጡበት መሳቢያ አልከፈት ብሏቸው ስለነበር፣ ያንን መሳቢያ ስንታገል አመሸን።

ስለዚህ የጥሪውን ሰዓት ልጅዎ ራሱ ይምረጥ። ቤተሰብ የሚመቸው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ በሰዓት ልዩነት ምክንያት ይህ ለእርሱ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ሚስዮናዊ ደግሞ ማታ በ4፡30 ገደማ መተኛት፣ ጠዋት በ12፡30 ገደማ መነሣት አለበት። ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሮ በቀጥታ ወደ አልጋው የሚሄድ ልጅ ያን ሌሊት ጣራ ሲቆጥር ያድራል። ከጥሪው በኋላ የሚሄድበት ቤት፣ የሚጠብቀው ሰው ይኑር፤ የጥሪው ማብቂያም አስቀድሞ ይነገር። ቤቱንና ማዕዱን ከማሳየት ይልቅ አንድ በአንድ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት። በተለይ ታናናሾቹ ከእርሱ ጋር ብቻቸውን የሚያወሩበት ጥቂት ደቂቃ ቢኖራቸው ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው።

በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር እንዲካፈል የምትፈልጉ ከሆነ ከጥሪ የተሻለ መንገድም አለ። የቤተክርስቲያኒቱ ቀዳሚ አመራር (ፕሬዚዳንቷና አማካሪዎቻቸው) በዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ዋና መሥሪያ ቤቷ ካለበት ከአሜሪካው ሶልት ሌክ ሲቲ የልደት በዓል ልዩ መንፈሳዊ ዝግጅት በየዓመቱ ያስተላልፋል፤ ሚስዮናውያንም ይከታተሉታል። እናንተም በቤታችሁ፣ እርሱም ባለበት ይህንኑ ዝግጅት ተመልክታችሁ በሚቀጥለው ጥሪ የየራሳችሁን ሐሳብ ብትለዋወጡ፣ የሌለበትን ነገር ከምትነግሩት ይልቅ እርሱም ያለበትን ነገር ታወራላችሁ።

አሁን እርስዎ ያልጠየቁትን፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ይረዳዋል የምለውን ልጨምር። በበዓሉ ዕለት የሚስዮናዊ የዘወትር ሥራ ይቆማል። የሚማሩት ሰዎች ከዘመዶቻቸው ጋር ናቸው፤ መንገዱ ጭር ይላል፤ በር ማንኳኳትም ነውር ይመስላል። ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ የስም ጽሑፋቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች የሚሠሩት ሲያጡ፣ ናፍቆት የሚገባበት ቀዳዳ አይጠፋውም። አባላት ምሳ ይጋብዟቸዋል፤ በብዙ ሚስዮኖችም (ሚስዮናውያን በሚመደቡባቸው አካባቢዎች) የሚስዮኑ ፕሬዚዳንት፣ ማለትም የአካባቢው ሚስዮናውያን ኃላፊ፣ ከባለቤታቸው ጋር በዚያ ሰሞን ሚስዮናውያኑን በየቡድናቸው ሰብስበው ያስደስቷቸዋል። ነገር ግን የተጋበዙበት ቤት ደስታ ራሱ የራስን ቤት ማስታወሱ አይቀርም። የሚሻለው ከበዓሉ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ በዕለቱ ለመጎብኘት፣ ብቻቸውን የሚውሉትን ሰዎች ስም ዝርዝር መያዝ ነው።

ከእነዚህም መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አዲስ የተጠመቁት ናቸው። በቅርቡ አባል የሆነ ሰው በዓሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ ጉባኤ ውስጥ ያሳልፋል፤ አንዳንዱም በእምነቱ ምክንያት ከዘመዶቹ ጋር ተኳርፎ፣ ያደገበት ቤት በር ተዘግቶበት ይውላል። ከቤቱ የራቀ ሚስዮናዊ የእንዲህ ያለውን ሰው ስሜት ከማንም በላይ ይረዳል። እህቴ ያን ጥሪ ጨርሳ የሄደችው ወደ አንዲት እንዲህ ያለች ወጣት ዘንድ ነበር፤ ሁለቱም ስለ ቤታቸው እያወሩ እንዳለቀሱ፣ ከዚያም አብረው ጸልየው እንደ ተለያዩ በሚቀጥለው ሳምንት ጽፋልን ነበር። ልጅዎን «ምን ተሰማህ?» ከማለት ይልቅ «በዓሉን ብቻቸውን የሚውሉ እነማን አሉ?» ብለው ቢጠይቁት፣ ይህን ዝርዝር እንዲያስብ ሳይነግሩት ያስታውሱታል።

ስለ አገልግሎት ጓደኛውም ይጠይቁት። ሚስዮናውያን ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ነው የሚንቀሳቀሱት፤ ጓደኛቸውን ግን የሚመርጡት እነርሱ አይደሉም፤ በብዙ ሚስዮን በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ዝውውር ስላለም፣ በበዓሉ ዋዜማ ከማያውቁት ሰው ጋር መመደብ ይኖራል። ያ ጓደኛ ከቤቱ ምንም የማይላክለት፣ ወይም የሚደውልለት ሰው የሌለው ሊሆን ይችላል። አንዱ ጥቅል ሲፈታ ሌላው እጁን አጣጥፎ የሚያይበት ጠዋት ለሁለቱም ከባድ ነው።

በዚሁ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ፤ ይህ ቀላል ነው። ትንሽና ቀላል ነገር ይላኩ፤ ሚስዮናዊ ንብረቱን በሻንጣ ይዞ የሚዘዋወር ሰው ነው። ዝውውር የሚጠበቅ ከሆነ በቤቱ አድራሻ ሳይሆን በሚስዮኑ ጽሕፈት ቤት በኩል ይላኩት፤ የበዓል ሰሞን ፖስታና ጉምሩክ ስለሚዘገይም ቀደም ብለው ይላኩ። ለጓደኛውም በስሙ የተጠቀለለ አንድ ነገር ይጨምሩ። በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል፤ እኔ እስከ ዛሬ ያስቀመጥሁት ደብዳቤዎቹን ብቻ ነው። እርሱ ግን በምላሹ ስጦታ ልግዛ እንዳይል ይንገሩት፤ የሚሰጠው ወርኃዊ ገንዘብ ለምግቡና ለመጓጓዣው የተመደበ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በቅንነት ላስጠንቅቅ። ዘመድ አዝማዱ ልጁን ለማበርታት ስለ ጥንት ሚስዮናውያን መንገር ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ1837 ከቤተክርስቲያኒቱ የመጀመሪያ ሐዋርያት አንዱ የነበረው ሂበር ኪምቦል ሚስቱንና ልጆቹን በአሜሪካ፣ በከርትላንድ ከተማ ትቶ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ የዚያን ዓመት የልደት በዓልንም በዚያው በእንግሊዝ፣ በፕሬስተን ከተማ ከአዳዲሶቹ አማኞች ጋር በጉባኤ አሳለፈ፤ ከቤቱም ዜና የሚያገኘው ውቅያኖስ ተሻግሮ በሚመጣ ደብዳቤ ነበር። ታሪኩ እውነት ነው፣ ታላቅም ነው። ግን ልጅዎ ይህን ታሪክ ከእኛ በተሻለ ያውቀዋል፤ በናፍቆቱ ሰዓት ሲነገረው የሚሰማው «እነሱ ያን ያህል ችለው አንተ ይህን አቃተህ?» የሚል ወቀሳ ነው። መናፈቁ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ የሚወደው ቤት ስላለው ነው።

«ካልቻልህ ተመለስ» ስለሚለው ግን ናፍቆትን ከሕመም መለየት ያስፈልጋል። የናፈቀ ልጅ ያለቅሳል፣ ያኮርፋል፣ ግን ይበላል፣ ይተኛል፣ ሥራ ሲያገኝ ይረሳዋል። ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ከአልጋው መነሣት ካቃተው፣ ወይም በሕይወት መኖሩን የሚጠላ ቃል ከወጣው፣ ይህ በምክር የሚታለፍ አይደለም። ቤተክርስቲያኒቱ ለሚስዮናውያን ባዘጋጀችው መምሪያ ላይ የጭንቀት ደረጃ በአረንጓዴ፣ በቢጫ፣ በብርቱካንማና በቀይ ተከፍሎ ተቀምጧል፤ ልጅዎን «ዛሬ የትኛው ቀለም ላይ ነህ?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ወንድ ልጅ ስሜቱን በቃላት ከሚናገር ይልቅ ቀለም መጥራት ይቀለዋል። ብርቱካንማ ወይም ቀይ ካለ፣ እርሱ በዚያው ቀን ለሚስዮኑ ፕሬዚዳንት እንዲናገር ያበረታቱት፤ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ከሰሙ ደግሞ እርሱን ሳይጠብቁ እርስዎ ራስዎ ይደውሉ። ፕሬዚዳንቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚያማክሩበት መንገድ አላቸው። ታምሞ ቢመለስም የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ቤቱ ሆኖ «የአገልግሎት ሚስዮናዊ» (ከመስበክ ይልቅ በአካባቢው በበጎ አድራጎትና በቤተክርስቲያን ሥራ የሚያገለግል) በመሆን ሊቀጥል የሚችልበት ሥርዓት አለ።

ጉዳዩ ናፍቆት ብቻ ከሆነ ግን መመለስን እርስዎ አስቀድመው አያንሡት። በሩ ክፍት መሆኑን አንድ ጊዜ በግልጽ ይንገሩት፤ «መቼም ብትመጣ ቤትህ ነው» ማለት ይበቃል። በየጥሪው ሲደጋገም ግን እናቱ እንደማይችል አድርጋ እንደምታስበው ይሰማዋል፤ ወጣትን ከሚያደክሙ ነገሮች አንዱ ይኸ ነው። ሄደን እናስደስተው የሚል ሐሳብ በቤታችሁ ተነሥቶ ከሆነም ይተዉት፤ ደንቡ ቤተሰብ በአገልግሎት ላይ ያለን ሚስዮናዊ እንዳይጎበኝ ይጠይቃል። ደንቡ ባይኖርም እንኳ ስትለዩት ዳግመኛ የመጀመሪያውን ቀን ይጀምራል።

ከበዓሉ በኋላ ያለውን ሳምንትም አይርሱት። እንግዳው ሁሉ ሄዶ፣ ግብዣው አልቆ፣ የቀረው ወራት ረጅም መስሎ የሚታየው ያን ጊዜ ነው፤ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሲገባ ስንት ወር እንደቀረው መቁጠር የሚጀምር ሚስዮናዊ ብዙ ነው። የዚያን ሳምንት ጥሪ እንደ ወትሮው በሰዓቱ ያድርጉት፤ «በዓሉ እንዴት አለፈ? ከበደህ?» ብለው አይጀምሩ። በበዓሉ ዕለት የጎበኛቸውን ሰዎች በየስማቸው እያነሡ፣ እገሌ እንዴት ናቸው፣ መሳቢያቸው ተጠገነ ወይ፣ እገሊትስ ከቤተሰቧ ጋር ታረቀች ወይ ብለው ይጠይቁት።