መልስ፦ ደብረጸን እንዴት ካልቪናዊት ሆና ቀረች?

የሃንጋሪዋ ከተማ ደብረጸን ካልቪናዊት (የጆን ካልቪንን የፕሮቴስታንት ትምህርት የምትከተል) ሆና የቀረችበት ዋናው ምክንያት የሃብስበርግ (የካቶሊኩ የኦስትሪያ ንጉሣዊ ቤተሰብ) እጅ እዚያ ለረጅም ጊዜ አለመድረሱ ነው። «ንጉሡ ካቶሊክ ሆኖ ከተማዋ እንዴት ካልቪናዊት ሆነች?» ላልከው፣ በ1526 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኦቶማኖች ሞሃች ላይ የሃንጋሪን ጦር ከደመሰሱ በኋላ አገሪቱ ውሎ አድሮ ለሦስት ተከፈለች፦ ምዕራቡ ለሃብስበርግ፣ መሃሉ ለሱልጣኑ፣ ምሥራቁ ለትራንሲልቫኒያ መሳፍንት። ደብረጸን መሃላቸው ሆና ለሁሉም እየገበረች ኖረች። ቱርኩ ግብሩን እንጂ ስብከቱን ብዙም አይጠይቅም ነበር። በ1567 እዚያው የተሰበሰበ ሲኖዶስ ሁለተኛውን የሄልቬቲክ (የስዊስ ተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት) የእምነት መግለጫ ተቀበለ።

በሃብስበርግ በኩል የሆነውን ማየት ከፈለግክ የ1674ቱን የፖዦኒ (የዛሬዋ ብራቲስላቫ) ችሎት አንብብ። እዚያ ከተከሰሱትና እምነታችንን አንክድም ካሉት ፕሮቴስታንት ፓስተሮች 40 ያህሉ ኔፕልስ ውስጥ ለመርከብ ቀዛፊነት ተሸጡ፤ የተረፉትን በ1676 ያስፈታቸው የኔዘርላንዱ አድሚራል ደ ራይተር ነው። ሐውልታቸው ደብረጸን ውስጥ ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ቆሟል፤ ጎብኚው ግን ፊት ለፊቱን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የ1568ቱን የትራንሲልቫኒያ የቶርዳ አዋጅ «ሙሉ የሃይማኖት ነፃነት» ብለህ እንዳትጽፍ፤ ብዙ ሰው ሲሳሳትበት አያለሁ። ሰባኪው እንደ መረዳቱ እንዲሰብክ፣ ምእመኑም የወደደውን ሰባኪ እንዲይዝ ፈቀደ እንጂ፣ የትራንሲልቫኒያ ሮማኒያውያን ኦርቶዶክሶች እኩል መብት አላገኙበትም።