ይህ ጉዳይ የሽማግሌ አይደለም

ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ወገናችን ሳሎን አምስት ሰዎች ለሽምግልና ተቀመጥን። ከአገር ቤት መጥቶ ሥራ እስኪይዝ ድረስ ቤዝመንታቸው ተጠግቶ የሚኖር ወጣት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን «ነክቷታል» ተባለ፤ እኛም የተጠራነው ነገሩ ከቤት ሳይወጣ እንዲያልቅ ነበር። ወጣቱ አለቀሰ፤ የአባትየውን ጉልበት ስሞ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አለ። ከመካከላችን አንዱ ስለ ይቅርታ ረዘም ያለ ምክር ሰጠ፤ ሌላው ወጣቱ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሲያትል ወዳሉ ዘመዶቹ እንዲሄድ ሐሳብ አቀረበ፤ ሁላችንም ተስማማን። ከዚያ ቡና ተፈላ። ፈንድሻውን በሰፌድ ይዛ የገባችው ያቺው ልጅ ነበረች። በተርታ ዞራ አቀረበችልን። እሱም ዘገነ።

በልጆች ላይ ስለሚፈጸም የወሲብ ጥቃት የምሰጣችሁን ምክር ከዚህ ጥፋቴ እጀምራለሁ። ያን ቀን ምን እንዳደረግን የገባኝ በኋላ ነው፤ በሆስፒታልና በፍርድ ቤት የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ። አስተርጓሚ የሰማውን አደባባይ አያወጣም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ከሥራዬ የምጠቅሰው የአንድ ቤት ታሪክ እንዳይመስላችሁ፤ ዕድሜውንም ቦታውንም አቀያይሬዋለሁ። የሰፌዱ ነገር ግን የራሴ ነው፤ እንደሆነው ነገርኳችሁ።

ሽምግልናን የምንቅ ሰው አይደለሁም። የተጣሉ ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፤ በእቁብ ገንዘብ የተካሰሱ ጓደኛሞችንም አስማምቻለሁ። ነገር ግን ሽምግልና የሚሠራው ተበዳይ አፉን ከፍቶ ሲናገር፣ ካልተስማማውም «አልቀበልም» ብሎ መነሣት ሲችል ነው። ያን ቀን ተበዳይዋ ወጥ ቤት ነበረች። ይቅር ያለላት አባቷ ነው። የተጠበቀው የቤተሰቡ ስም ነው። በዳዩም አድራሻ ቀየረ እንጂ ምንም አልሆነም። ሲያትልም ልጆች አሉ።

እንዲህ ያለው ነገር ለፖሊስ ይነገር ሲባል «ይህ የፈረንጅ ሕግ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 በሆኑ ልጆች፣ በአንቀጽ 627 ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ባሉት ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ለይቶ በእስራት ይቀጣል። በምንኖርባቸው አገሮች ደግሞ ዝም ማለት ራሱ ጥፋት የሚሆንበት ቦታ አለ። በሜሪላንድና በቴክሳስ ልጅ እንደተጠቃ ለማመን ምክንያት ያለው ሰው ሁሉ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ መምህርና ሐኪም ብቻ አይደሉም። በዋሽንግተን ዲሲም ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የወሲብ ጥቃት እንደደረሰበት ያወቀ ማንኛውም አዋቂ ሰው ማመልከት አለበት። በእስራኤል ልጁን የሚያሳድገው ወይም ኃላፊነት ያለበት ሰው እንዲህ ያለ ጥፋት መፈጸሙን ያወቀ ሁሉ ለፖሊስ ወይም ለማኅበራዊ ሠራተኛ እንዲናገር ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ያዛል። እኛ አምስት ሽማግሌዎች ያን ቀን ሕጉን ብናውቅ ኖሮ ቡናውን እንዲያ አጣጥመን አንጠጣም ነበር።

ወላጅን ከሁሉ በላይ አፉን የሚያስይዘው «ሲፒኤስ ከመጣ ልጆቼን ይወስድብኛል» የሚለው ስጋት ነው፤ ሲፒኤስ የአሜሪካ የሕጻናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ስጋቱን አላቃልለውም፤ ያለ በቂ ምክንያት ደጃቸው የተንኳኳባቸው ቤተሰቦች አውቃለሁ። በዚህ ጉዳይ ግን መርማሪዋ ከሁሉ አስቀድማ የምትመረምረው ይህ ወላጅ ልጁን ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም የሚለውን ነው። ራሱ ደውሎ የተናገረና ጥፋተኛውን ከቤት ያራቀ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አደጋ ላይ የሚወድቀው እያወቀ የደበቀው ነው። የመኖሪያ ወረቀት የሌላችሁም ይህን ስሙ፦ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ሕግ የከባድ ወንጀል ሰለባ ሆነው ፖሊስን ለሚረዱ ሰዎች ዩ ቪዛ የሚባል ፈቃድ አለ። የወሲብ ጥቃት ከወንጀሎቹ አንዱ ነው፤ የተጎዳው ሕጻን አሜሪካዊ ዜጋ ቢሆን እንኳ ወላጁ ማመልከት የሚችልበት መንገድ አለ። በዓመት የሚሰጠው ለ10,000 ዋና አመልካቾች ስለሆነ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል፤ ለሁሉም ይሰጣል ማለትም አይደለም። የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ አማክሩ፤ «እኔም እንዳንቺው ነበርኩ» የሚል ጎረቤት ጠበቃ አይደለም።

ልጃችሁ የነገራችሁ ዕለት ብዙ አትጠይቁ። «ማን? የት? ስንት ጊዜ? ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም?» ብሎ ማጣደፍ ልጅን ዝም ያሰኛል፤ በኋላም ተከላካይ ጠበቃው «ቃሉን ያስያዛት እናቷ ናት» ለማለት ቀዳዳ ያገኛል። «እንኳን ነገርሽኝ፤ አምንሻለሁ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በቂ ነው። ጥቃቱ የቅርብ ከሆነ ልጁን ሳታጥቡ፣ ልብሱንም ሳታጥቡ በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱ፤ ፌስታል ውስጥ እርጥበት ስለሚታመቅ ማስረጃው ይበላሻል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት እስከ ሰኞ ልጠብቅ አትበሉ። ጥፋተኛ የምትሉትን ሰው ደውላችሁ አታስፈራሩት፤ ከፖሊስ በፊት ከሰማ ስልኩን ያጸዳል፣ ሻንጣውን ይሸክፋል። በአሜሪካ በ1-800-422-4453 ብትደውሉ ሌሊትም ቢሆን የሚያነጋግር ባለሙያ አለ፤ አስተርጓሚም ያቀርባሉ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች 116 111፣ በብሪታኒያ 0800 1111 ልጁ ራሱ የሚደውልባቸው ቁጥሮች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ልጁ ፖሊስ ጣቢያ ተወስዶ ይመረመራል ብላችሁ አትስጉ። ዛሬ በአሜሪካ ብዙ ቦታዎች ልጁ የሚናገረው አሻንጉሊትና ለስላሳ ወንበር ባለበት ክፍል፣ ለዚህ ለሠለጠነች አንዲት ባለሙያ ነው። ፖሊሱና አቃቤ ሕጉ በሌላ ክፍል ሆነው በካሜራ ይከታተላሉ። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1985 በአላባማዋ ሀንትስቪል ባድ ክሬመር በሚባል አቃቤ ሕግ አነሣሽነት ተጀመረ፤ ልጆች ያንኑ ክፉ ነገር ለአሥር ሰው አሥር ጊዜ እንዳይደጋግሙ ታስቦ። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 «የልጆች ቤት» ብላ ተመሳሳዩን ከፈተች፤ ስዊድንና ሌሎችም ተከተሏት።

የሕክምና ምርመራው ላይ ወላጆች የሚጠይቁኝን አንድ ጥያቄ ሳላነሣ አላልፍም። እናትየው ወደ እኔ ጠጋ ትልና በሹክሹክታ «ዶክተሯን ጠይቅልኝ፤ ክብሯ አለ?» ትለኛለች። ልጅቷ አልጋው ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ነው። አማርኛ ትሰማለች። ዶክተሯ ለእናትየው ሳይሆን ለልጅቷ ዞራ «ሰውነትሽ ደኅና ነው፤ ምንም የጎደለሽ ነገር የለም» ስትል፣ ያን ዓረፍተ ነገር የምተረጉመው ለሁለቱም ነው። ጥቃት ከደረሰባቸው ልጆች በአብዛኞቹ ላይ በምርመራ የሚታይ ቁስል አይገኝም። ሐኪሙ ምንም አላየሁም ቢል ልጁ ዋሽቷል ማለት አይደለም። «ክብር» የሚለውን ወሬ ግን እባካችሁ ከዚያ ክፍል አውጡልን።

የቃል ነገር እንጀራዬ ስለሆነ ትንሽ ላምርር። ከአዲስ አበባ በቅርብ የመጣ አንድ ትንሽ ልጅ ቃሉን ለምትቀበለው ባለሙያ «እንትኔን» አላት። እንትን በአማርኛችን ቁልፍም ነው፣ ማንኪያም ነው፣ ስሙ የጠፋን ጎረቤትም ነው። አስተርጓሚ ገምቶ አይተረጉምም። «ስሙን ያልጠራው ነገር» ብዬ አለፍኩ፤ እስኪጣራ ድረስ ልጁ ደክሞት ወሬውን ወደ ብስክሌቱ አዞረ። ብልት የሚለው ቃል የሐኪም ቤት ቃል ነው፣ ነውር የለበትም፤ ከአፍንጫና ከጉልበት ጋር አብራችሁ አስተምሩ። ሌላዋ ልጅ ደግሞ ከዓመት በፊት ለአያቷ ልትናገር ጀምራ «አትባልጊ!» ተብላ ነበር። የባለገው ማን ሆነና ነው ስድቡ እሷ ላይ ያረፈው? «አበላሻት» የምንለውም እንዲሁ ነው። ስተረጉመው በእንግሊዝኛው የተበላሸ ወተት ይመስላል። ልጅ አይበላሽም።

ስለ አስተርጓሚም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው። አንዲት እናት ወደ ክፍሉ ስገባ አይታኝ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ለካ በአንድ እድር ነን። ወጣሁላት፤ ከሌላ ግዛት በስልክ የሚሠራ ተተካ። ይህን እናንተም መጠየቅ ትችላላችሁ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት ታላቅ ልጃችሁን ወይም ጓደኛችሁን አታስተርጉሙ።

ጥቃቱ ከመድረሱ በፊትስ? የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል እንደሚለው ከእነዚህ ጥቃቶች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉን የሚፈጽመው ልጁ ወይም ቤተሰቡ የሚያውቀውና የሚያምነው ሰው ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ያየነውን ወንድ ሁሉ ለልጆች «አጎት» እናደርገዋለን። እናት አረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ናት፣ አባት ታክሲ ላይ ነው፣ ልጆቹ ክፍል ከተከራየው «አጎት» ጋር ያድራሉ። አውቃለሁ፣ ኪራዩ ውድ ነው፤ የማታ ሞግዚትም ከደመወዝ በላይ ናት። ቢያንስ እንግዳ ከልጆች ጋር በአንድ ክፍል አይተኛ፤ ፈረቃችሁንም ከምታምኗት እናት ጋር ተቀያየሩ። ልጅ እንግዳውን ካልሳመ ብላችሁ አትግፉት። እጅ ነሥቶ ወይም ጨብጦ ቢቀመጥ ጨዋነቱ አይጎድልም፤ ሰውነቱን በትእዛዝ አሳልፎ መስጠት ግን ከእኛ አይማር። ወንድ ልጅ ምን ይሆናል የምትሉም ተሳስታችኋል፤ በስልክ የራቁት ፎቶ አስልከው «ገንዘብ አምጣ» እያሉ የሚያስፈራሩ ወንበዴዎች አብዝተው የሚያጠምዱት ጎረምሳ ወንዶችን ነው።

ለሰንበት ትምህርት ቤቱም ለቁርኣን ትምህርት ቤቱም የምለው አንድ ነው፤ በሩ መስታወት ይኑረው፣ አንድ አዋቂ ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር አይዘጋ፣ አስተማሪው ዘማሪም ቢሆን ሐጂም ቢሆን የወንጀል መዝገቡ ይታይ። በአንድ ደብር ይህን ሳነሣ «አባታችንን ተጠራጠርክ» ተብዬ ለስድስት ወር ሰላምታ ተነፍጌአለሁ። አሁን በሩ መስታወት አለው።

በልጅነታችሁ የደረሰባችሁም አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ አሁን የልጅ እናትና አባት ሆናችኋል። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ በፍትሐ ብሔር ክስ ላይ የነበረውን የጊዜ ገደብ አንሥታለች። መክሰስ ባትፈልጉ እንኳ ለሐኪም ወይም ለአማካሪ መናገር አይመሽም።

የመጨረሻው ነገር የጎረቤት ነው። ለቅሶ ማን እንዲያስተምረን? ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወጡ፣ ለሊቱን አብሮ መቀመጡ ሁሉ ሳይነገረን ይሞላል። ይህ መከራ የደረሰባት እናት ቤት ግን ማንም አይሄድም። እንዲያውም ከሰሰች ተብላ ከማኅበሩ ጽዋ ትቀራለች፤ የጥፋተኛው ሚስትና ልጆችም እንዲሁ ይገለላሉ፤ እነሱ ምን አጠፉ? ልጁ የሚያስፈልገው የሥነ ልቦና ሕክምና ብዙውን ጊዜ በየሳምንቱ ለወራት የሚዘልቅ ነው፤ እናት ከሥራ ትቀራለች፣ ደመወዝ ይጎድላል። እድራችን ለቀብር የሚያወጣውን ገንዘብ ትንሽ ለዚህ ማድረግ ይችላል፤ ስምም ምክንያትም ሳይጠየቅ።

ባለፈው ክረምት በየሐሙሱ አንድ ሐኪም ቤት ሥራ ነበረኝ። መቆያ ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ የማያት አንዲት ባልቴት አለች። ከቤተሰቡ ጋር ዝምድና የላትም፤ መኪና ስላላት ብቻ አንዲት ልጅና እናቷን ታመጣለች፣ ትመልሳለች። እስኪወጡ ድረስ ትጠብቃለች። ልጅቷ ስትወጣ ምን አለሽ፣ ምን ጠየቁሽ አትላትም። ከቦርሳዋ ፔርሙስ ታወጣና ሻይ ትቀዳላታለች፤ «ጃኬትሽን ዝጊ፣ ውጪው ብርድ ነው» ትላታለች፤ ይሄዳሉ።