ትንሽ ኩሬ ስንት ዓሣ ይሸከማል? ጥያቄና መልስ

በግቢ ውስጥ ስለሚቆፈር ትንሽ ኩሬና በውስጡ ስለሚኖሩት ዓሦች ከተጠየቅኩት ውስጥ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ። ዓሣ ማርባት ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ካነበብኩት ይልቅ በኪሳራ የተማርኩት ይበልጣል፤ እናንተ ያንን ኪሳራ እንዳትደግሙት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ኩሬዬ 5 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት አለው። 200 የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ጫጩት ልገዛ አስቤያለሁ። ይበዛል?

መልስ፦ በጣም ይበዛል። የኩሬዎ ገጽ 20 ካሬ ሜትር ነው። አየር የሚነፋ መሣሪያ ከሌለዎት በካሬ ሜትር 2 ጫጩት፣ በድምሩ 40 ያስገቡ። ጫጩቶቹ ሲገዙ እጅግ ትንንሽ ስለሆኑ ውሃው ባዶ መስሎ ይታያል፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። አንድ ጫጩት 10 ግራም ቢመዝን 200ው አንድ ላይ 2 ኪሎ ብቻ ናቸው። እያንዳንዳቸው 200 ግራም ሲደርሱ ግን 40 ኪሎ ይሆናሉ፤ ያን ያህል ሥጋ ደግሞ አየር ሳይነፋ በ20 ካሬ ሜትር ውሃ ውስጥ በሕይወት ሊቆይ አይችልም። 40 ዓሣ እስከ 200 ግራም ቢያድግ 8 ኪሎ ነው። በአግባቡ የሚቀለብ ኩሬ ይህን ይችላል። ኩሬ አቅሙን የሚለካው በክብደት እንጂ በቁጥር አይደለም። አብዝተው ቢያስገቡም ያው ክብደት ለብዙ አፍ ይከፋፈላል፤ ዓሦቹም ሳያድጉ ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ ከአንድ ዓመት በፊት 30 ቆሮሶ አስገብቼ ነበር። አሁን መቶዎች ሆነዋል፤ ግን ሁሉም ከጣቴ አይበልጡም። መኖ አላጓደልኩም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ የመኖ ጉድለት አይደለም፤ የቆሮሶ ጠባይ ነው። ቆሮሶ በሞቃት ውሃ ውስጥ ገና በሁለትና በሦስት ወሩ፣ 30 ወይም 50 ግራም ሲደርስ መራባት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሴቷ ሙቀቱ ከተመቻት በየአራትና በየስድስት ሳምንቱ ትወልዳለች። እንቁላሉን በአፏ ይዛ ስለምትፈለፍልና ጫጩቶቹ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ስለሚገቡ አብዛኞቹ ይተርፋሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እርሷ አትበላም፤ አካሏ ማደጉን ትቶ እንቁላል ሲሠራ ይኖራል።

ማለዳ ኩሬው ዳር ጎንበስ ብለው ቢያስተውሉ ታዩአታላችሁ። ከሌሎቹ ተነጥላ በጥላው በኩል ትቆማለች፤ ከአገጯ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ታች ተነፍቷል፤ መኖ ሲበተን ሌሎቹ ሲሻሙ እርሷ ንቅንቅ አትልም። እንዲህ ያሉ አምስት ስድስት ካዩ ኩሬው በወር ውስጥ በጫጩት ይሞላል ማለት ነው።

መፍትሔው ውሃውን አፍስሶ መለየትና እንደገና መጀመር ነው። በእንዲህ ያለ መጨናነቅ የቀነጨረ ዓሣ ሰፊ ቦታ ቢያገኝ ተመልሶ ማደግ ስለሚችል የተሻሉትን 30 ወንዶች መርጠው ያስቀሩ። ከዚያ ጫጩት የሚያጠፋ አዳኝ ዓሣ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ወንዱን ከሴቷ እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ከ30 ግራም በታች ከሆነ አይሞክሩት፤ ትሳሳታላችሁ። ከዚያ በላይ ሲሆን እጅዎን አርጥበው ዓሣውን በጀርባው ያስተኙትና ከሆዱ በኩል፣ ወደ ጅራቱ ከተጠጋው የሆድ ሥር ክንፍ ፊት ለፊት ይመልከቱ። ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፦ አንዱ የሰገራ፣ ሌላው የሽንትና የዘር፣ ሾጠጥ ባለች ጫፍ ላይ። ሴቷ ሦስት አላት፤ በሁለቱ መካከል አግድም የተሰነጠቀ የእንቁላል መውጫ ይጨመራል። ስንጥቁ ስለማይጎላ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ ቀለም በጣትዎ ቢቀቡት ቀለሙ ውስጡ ገብቶ ጥርት ያለ መስመር ያሳያል። መጀመሪያ ላይ ከአሥሩ ሁለቱን ሳይሳሳቱ አይቀሩም። ዓሣውን ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከውሃ ውጭ አያቆዩት።

ጥያቄ፦ አምባዛ ጫጩቶቹን ይበላልኛል ብለውኛል። ስንት፣ መቼ ላስገባ?

መልስ፦ ለትንሽ ኩሬ ከአምባዛ የተሻለ ተቆጣጣሪ አላየሁም። ለ10 ቆሮሶ 1 አምባዛ ይበቃል፤ ለ40 ቆሮሶ 4 ማለት ነው። ትልቁ ጥንቃቄ መጠኑ ላይ ነው። አምባዛው ሲገባ ከቆሮሶዎቹ ማነስ አለበት፤ አለዚያ ጫጩቶቹን ትቶ የገዛችኋቸውን ይበላል። ስለዚህ ቆሮሶዎቹን አስቀድመው ያስገቡና ወር ገደማ ካደጉ በኋላ አምባዛውን ያስከትሉ። አምባዛዎቹ ራሳቸውም በመጠን እኩያ ይሁኑ፤ ትልቁ ትንሹን ከመብላት አይመለስም።

አምባዛን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለ። በኩሬ ውስጥ እንደ ቆሮሶ በራሱ አይራባም፤ ስለዚህ አራት ካስገቡ አራት ሆነው ይቆያሉ። ከስንጥቡ (ዓሣ በውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት አካል) በላይ ባለው ልዩ አካል ከአየር ላይ ስለሚተነፍስ ኦክስጅን ቢያንስበትም አይሞትም። በዚያው አካሉ እየተነፈሰ ዝናብ በጣለ ሌሊት ከኩሬው ወጥቶ በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ይሄዳል። ዳርቻውን በጥቅጥቅ ሽቦ ወይም በመረብ ያጥሩት።

ይህ የአዳኝና የታዳኝ ሚዛን በግምት ብቻ የተገኘ አይደለም። ሆሜር ስዊንግል የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በአላባማ ግዛት፣ በኦበርን፣ ብዙ ኩሬዎችን እያፈሰሱ ዓሦቹን በየዓይነታቸው መዝነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አሳትመዋል። በሚገባ በተመጣጠነ ኩሬ የታዳኞቹ ጠቅላላ ክብደት ከአዳኞቹ ከ3 እስከ 6 እጥፍ ሆኖ አገኙት። ጥናታቸው በሌሎች ዝርያዎች ላይ ቢሆንም ሐሳቡ እኛንም ይጠቅማል። 8 ኪሎ ቆሮሶና እያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎ የደረሱ 4 አምባዛዎች ቢኖሩ 4 እጥፍ ነው። አምባዛዎቹ ከዚህ ብዙ ከገዘፉ አንዱን ያውጡትና በትንሽ ይተኩት።

ጥያቄ፦ ዛሬ ጠዋት ዓሦቹ ሁሉ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። የራባቸው መስሎኝ መኖ ጨመርኩ። አልበሉም።

መልስ፦ እባክዎ መኖውን አሁኑኑ ያቁሙ። አየር አጥሯቸው ነው። አረንጓዴው ውሃ ቀን ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፤ ሌሊት ግን ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ራሱ፣ ዓሦቹና ጭቃው ውስጥ የሚበሰብሰው ሁሉ ያንኑ ኦክስጅን ይጠቀሙታል። ስለዚህ በጣም የሚያንሰው ጎህ ሲቀድ ነው። በሊትር 5 ሚሊግራም ሲኖር ዓሣ ደኅና ነው፤ ከ3 ሲወርድ ይጨነቃል። ቀኑን ሙሉ ደመና ከነበረ ማግስቱን ማለዳ መነሳት ያስፈልጋል።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ከሥር በኩል ከውሃው ሲሶውን ያፍስሱና ንጹሕ ውሃ ከከፍታ እያንቧቧ እንዲወርድ ያድርጉ። ፓምፕ ከሌለ በባልዲ እየቀዱ ከትከሻዎ ከፍታ መልሰው ያፍስሱት፤ ፀሐይ እስኪጠነክር አያቋርጡ። መኖ ለሁለት ቀን ይቅር።

እኔ በሁለተኛ ዓመቴ ይህን ምልክት አይቼ “ነገ አየዋለሁ” ብዬ አልፌው ነበር። በማግስቱ ሳልደርስ ትልልቆቹ ሁሉ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ከሁሉ አስቀድመው የሚሞቱት ትልልቆቹ ናቸው፤ ትንንሾቹ ከውሃው ገጽ ላይ ያለውን ስስ ንብርብር መጠቀም ስለሚችሉ ይተርፋሉ። እስካሁን ጎህ ሳይቀድ የምነሳው በዚያ ምክንያት ነው።

ለወደፊቱ ክንድዎን መለኪያ ያድርጉት። መዳፍዎን ዘርግተው ክንድዎን ቀጥ አድርገው ውሃው ውስጥ ያስገቡ። ውሃው ክርንዎ ሲደርስ መዳፍዎ ከዓይንዎ ከተሰወረ አረንጓዴነቱ ልክ ነው። አንጓዎ ላይ ሳይደርስ ከተሰወረ አልጌው በዝቷል፤ መኖና ፍግ ይቀንሱ። ክርንዎ አልፎም መዳፍዎ ከታየ ውሃው ለዓሣ የሚሆን የተፈጥሮ ምግብ የለውም።

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃ መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ክሎሪኑ ከወጣ በኋላ። ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ፀሐይና ንፋስ ላይ ያቆዩት። ክሎራሚን የሚባለው ግን በማቆየት አይወጣም፤ ውሃችሁ በዚያ የሚታከም ከሆነ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠው ማጥፊያ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬዬ ትናንት ሞላ። ዓሦቹን ነገ ላምጣ?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፤ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ብዙም ወደማይጎዳ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱ በአዲስ ፕላስቲክ ላይ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ከሌላ ጤነኛ ኩሬ አንድ ባልዲ ጭቃና ጥቂት ድንጋይ ቢያመጡ ይፈጥናል። ከዚያም በአምስት በስድስት ዓሣ ይጀምሩ፤ ሌሎቹን በየሁለት ሳምንቱ ይጨምሩ። ዓሦቹ የመጡበትን ከረጢት ሳይከፍቱ 20 ደቂቃ ያህል ኩሬው ላይ ያንሳፍፉት፤ ከዚያ የኩሬውን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩበት በራሳቸው እንዲወጡ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ እኔ የምፈልገው ለውበት ነው። 1,000 ሊትር ገንዳ ውስጥ ኮይ የሚባለውን ባለቀለም የጌጥ ዓሣ ላስገባ?

መልስ፦ ኮይ አያስገቡ። ሱቅ ውስጥ ጣት የምታክለው ዓሣ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ልታድግ ትችላለች፤ 1,000 ሊትር ለእርሷ እስር ቤት ነው። ወርቃማ ዓሣ ይመረጣል፤ እርሱም ከ5 ባይበልጥ። ያምራሉና ልጨምር የሚል ፍላጎት ይመጣል፤ እባክዎ ይቋቋሙት። በሚገባ ከተያዘ 20 ዓመት የሚኖር እንስሳ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 14 ዓመቴ ነው። አባቴ ሦስት ካርፕ አምጥቶ ውሃው ቡናማ ሆነ። አሸዋ ብጨምርበት ይጠራል?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ውሃውን ያቆሸሸው ጭቃ አይደለም፤ ካርፑ ነው። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው አፉን ጭቃ ውስጥ ከትቶ፣ አፈሩን ከነትሉ ስቦ፣ አፈሩን መልሶ በመትፋት ነው። ፀጥ ብለህ ብትመለከት ከሥር ደመና የሚመስል ጭቃ ሲነሳ ታየዋለህ። ሌሊቱን አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድተህ አስቀምጥ፤ ጠዋት ከሥሩ አፈር ከዘቀጠ ካርፑ ነው፣ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ አልጌ ነው። አሸዋ መጨመር አያስፈልግም። ለአባትህ ካርፕ ለትንሽ ኩሬ አንድ ብቻ በቂ እንደሆነ ንገረው።

ጥያቄ፦ እምቦጭ ለጥላ ይሆናል ብዬ ነበር።

መልስ፦ በፍጹም አይሞክሩት። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ገጹን ሸፍኖ ፀሐይና አየር ይከለክላል። ጥላ ከፈለጉ የውሃ አበባ ከገጹ ሲሶውን ብቻ እንዲሸፍን አድርገው ይትከሉ።

ጥያቄ፦ በቀን ምን ያህል ልመግብ?

መልስ፦ ለጫጩት ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ሲያድግ ከ2 እስከ 3 በመቶ። 40 ዓሣ እያንዳንዳቸው 50 ግራም ከሆኑ 2 ኪሎ ናቸው፤ 3 በመቶው 60 ግራም ነው፤ ጠዋት ረፈድ ሲልና ከሰዓት በኋላ ከፍለው ይስጡ። በየሁለት ሳምንቱ አሥር ዓሣ በመረብ አውጥተው ይመዝኑና ያስተካክሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚንሳፈፍ መኖ ከቀረ አብዝተዋል። ውሃው ከ17 ዲግሪ ሲወርድ ቆሮሶ መብላት ያቆማል፤ ያኔ መኖው ሥር ወርዶ ይበሰብሳል።

ጥያቄ፦ ስለቀነጨሩት ቆሮሶዎች የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ኩሬውን አፈሰስኩ፤ ቀኑን ሙሉ ስንቆጥር ውለን 412 ሆኑ። 30 ወንዶች መረጥኩ። የቀሩትን ወንዝ ልልቀቃቸው?

መልስ፦ ወንዝ አይልቀቋቸው፤ ሐይቅም ቢሆን። በዚያ የሌለ ዝርያ ሊሆን ይችላል፤ የዚያው ቢሆን እንኳ የኩሬው በሽታ አብሮ ይሄዳል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ የሚያወጣው የለም። ደርቀው ለዶሮ መኖ ይሆናሉ፤ ከአፈር ጋር ቢቀበሩ ምርጥ ማዳበሪያ ናቸው። ከአንድ ወር በኋላ ለሚያስገቧቸው አምባዛዎች ሃምሳ ያህሉን በትንሽ ገንዳ ለይተው ያቆዩ። ኩሬው ባዶ ሳለም ዕድሉን ይጠቀሙበት፦ የላይኛውን ጥቁር ጭቃ ይዛቁት፣ ወለሉ እስኪሰነጣጠቅ ፀሐይ ላይ ይተዉት፣ የእርሻ ኖራ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200 ግራም ይበትኑ። ውሃ ከሞሉ ከሳምንት በኋላ ክንድዎን አስገብተው መዳፍዎን ይፈልጉ። ክርንዎ ጋ ሲሰወር 30ዎቹን ይመልሷቸው።