እግሩ ላይ ፀጉር የሌለው ግዙፍ ፈረስ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ስለ እንግሊዝ የእርሻ ፈረሶች ቪዲዮ ሳይ ሱፎልክ ፓንች የሚባለው ለየብኝ። ሁሉም ቀይ ዳማ ናቸው፣ ደሞ እንደሌሎቹ ግዙፍ ፈረሶች ኮቴያቸው ላይ የሚወርድ ፀጉር የላቸውም። ለምንድነው? ዘራቸውስ ከየት ነው?

መልስ፦ በጣም ደስ የሚል ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም የዚህ ፈረስ ታሪክ ያለው እዛው እግሩ ላይ ነው። ሱፎልክ በምስራቅ እንግሊዝ ያለ አውራጃ ሲሆን መሬቱ በብዛት ከባድ ሸክላ አፈር ነው፣ ሲረጥብ የረገጠውን ሁሉ ይይዛል፣ እና እግሩ ፀጉራም የሆነ ፈረስ እዛ ቢያርስ ጭቃው ፀጉሩ ላይ ተጋግሮ ይደርቃል፣ ማታ ማታ ማጠቡ መከራ ነው፣ ስሩ ያለው ቆዳም እርጥበት ስለማይለቀው ይቆስላል። ስለዚህ ገበሬዎቹ እግሩ ንፁህ የሆነውን እየመረጡ አራቡ። እኔ በበኩሌ ይሄ ትልቅ ብልሃት ነው እላለሁ፣ ለስራ እንጂ ለእይታ አልመረጡም።

ዘሩ በፅሁፍ የተጠቀሰው ከ1500ዎቹ ጀምሮ ነው፣ ዛሬ ያሉት ሁሉ ግን በአባት በኩል የሚቆጠሩት በ1768 ከተወለደ አንድ ድንጉላ ነው፣ የክሪስፕ ፈረስ ይሉታል፣ የሌሎቹ ድንጉላዎች ሐረግ ጠፍቷል። ቀለሙን በተመለከተ፣ ቀይ ዳማ ከቀይ ዳማ ሲዳቀል ሌላ ቀለም አይወጣም፣ የዘር ህጉ ነው፣ ከደማቅ ቀይ እስከ ጥቁር ቡኒ መለያየቱ ግን አለ። ክብደቱ አንድ ሺህ ኪሎ አካባቢ ይደርሳል።

ጉልበቱን ድሮ እንዴት ይፈትኑት እንደነበር ስሙ፣ ገበያ ላይ ከወደቀ ትልቅ ግንድ ጋር ይጠምዱታል፣ ግንዱ ባይነቃነቅም ግድ የለም፣ ፈረሱ እስኪንበረከክ ድረስ ከሳበ አለፈ ይባላል! ስለዚህ የሚለካው ልቡ ነበር ማለት ነው።

የሚያሳዝነው ትራክተር ሲመጣ ነው። የሱፎልክ ሰፋፊ እርሻዎች ቶሎ ወደ ማሽን ስለዞሩ ፈረሱ ስራ አጣ፣ በ1966 የተመዘገቡት ውርንጭሎች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። የተረፈው ጥቂት አርቢዎች ስለያዙት ነው፣ ሆልስሊ ቤይ እስር ቤት ውስጥ ደሞ እስረኞች የሚንከባከቡት መንጋ ነበር፣ በ2006 አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ገዝቶት ማራባቱን ቀጥሏል። አሁንም ሊጠፉ ከተቃረቡት ዘሮች ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው።