መልስ፦ በወርቅ ያጌጠ የኪዮቶ የሻይ ሳህን አጸዳድ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኪዮቶ (ጃፓን) በኖረው ሸክላ ሠሪ በኒንሴይ ስልት የተሠራውን የሙዚየም የሻይ ሳህን «ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ልጠበው?» ላሉት፦ አይዘፍዝፉት። ከእግሩ ሥር ልባስ (መስታወት መሰል ሽፋን) ያልተቀባው ሸክላ ውኃ ይመጥጣል፤ ውስጥ የቆየው የሻይ እድፍም በልባሱ ቀጫጭን ስንጥቆች ተሰራጭቶ ቡናማ ጥላ ሆኖ ይወጣል።

መጀመሪያ አቧራውን በደረቅ፣ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። የቀረውን በተጣራ ውኃ በትንሹ ባረጠቡት ጥጥ ያንሡ፤ ጥጡን ያንከባሉት እንጂ አይፈትጉ። ወርቁ በልባሱ ላይ የተደረበ ስስ ሽፋን ስለሆነ ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው። ጥጡ ላይ ቀለም ወይም ወርቅ ካዩ ወዲያው ያቁሙ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ከሥዕሉ ጋር የማይሄድ የወርቅ መስመር ጠርዙ ላይ ካለ፣ ኡሩሺ በተባለው የዛፍ ሙጫ የተጠገነ ስብራት ሊሆን ይችላልና ያን ቦታ ውኃም አልኮልም አያስነኩት።