መልስ፦ አየር ወለድ ለምን ታንክ ይዞ አይወርድም?

ወንድሜ፣ «ከሰማይ ከወረዱ አይቀር ለምን ደህና ታንክ ይዘው አይወርዱም?» ብለሃል። ነገሩ ሁሉ የኪሎ ጉዳይ ነው።

እኔ የምውለው አዳማ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጭነቱን የሞላ ኤንፒአር አይሱዙ ሰባት ቶን ተኩል ገደማ ይመዝናል። በ1969 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመረው የሶቪየቱ ቢኤምዲ-1ም (ለአየር ወለድ የተሠራ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ) ከነመድፉ ያው ነው! ቲ-72 ታንክ ግን ከ40 ቶን ይበልጣል። ቢኤምዲ የቀለለው አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ነው። ታዲያ በነፃ አይደለም፤ ከባድ መትረየስ ከጎን ካገኘው ይበሳዋል።

እኔን የሚገርመኝ እግሩ ነው። ሹፌሩ ከውስጥ ሆኖ ተሽከርካሪውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ሊጣል ሲል በሆዱ ቁጭ ይላል፣ ይታሰራል፣ ከዚያ ፓራሹት። በኋላ ደግሞ መሬት ሊነካ ሲል ሮኬት ተኩሶ ፍጥነቱን የሚገድል ዘዴ መጣ።

በጥር 1973 እ.ኤ.አ. ሁለት መኮንኖች ውስጡ ተቀምጠው ከአውሮፕላን ተጣሉ፤ ያኔ ሮኬቱ የለም፣ ፓራሹት ብቻ። አንዱ የአየር ወለዱ አዛዥ የጄኔራል ማርጌሎቭ ልጅ ነበር። አባት ልጁን! እኔ በዚህ በአዳማ ንፋስ ጃንጥላ መያዝ እንኳ ያቅተኛል።

ሁሉም ግን በፓራሹት አይወርድም። ቪዘል 1 የሚባለው ትንሹ የጀርመን ብረት ለበስ ሦስት ቶን እንኳ አይሞላም፤ ትልቅ ሄሊኮፕተር ሆዱ ውስጥ ከትቶት ይሄዳል፣ ሲደርስ ራሱ እየነዳ ይወጣል።