ደራርቱ መስመሩን አልፋ ስትጠብቅ

ከውድድር በላይ የሆነ ደግነት የታየበትን ታሪክ ለጠየቅኸው ወንድሜ፦ የእኔ ልብ ሁልጊዜ የሚመለሰው ወደ ባርሴሎና ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኦሎምፒክ፣ በሴቶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ስትመራ የእኛዋ ደራርቱ ቱሉ እንደ ጥላ ከኋላዋ አልተለየችም። መጨረሻው ሲቃረብ አፈተለከች፤ 31 ደቂቃ ከ06 ሰከንድ። የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች።

እንባዬን የሚያመጣው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ደራርቱ መስመሩን አልፋ ቆመች፤ ዞራም ሜየርን ጠበቀቻት። ተቃቀፉ። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

ጊዜውን አስበው! ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ለ32 ዓመታት ከኦሎምፒክ ርቃ ገና መመለሷ ነበር። ማንዴላ ከእስር ከወጡ ሁለት ዓመት ቢያልፍም የአገሪቱ ጥቁሮች ገና የመምረጥ መብት አላገኙም። በዚያ ወቅት ነው የበቆጂዋ ልጅ የነጯን እጅ የያዘችው።

ይህ ጠባይዋ የአንድ ቀን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶን እንግሊዛዊቷን ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍን ሕመም ወደ ኋላ ሲያስቀራት፣ ደራርቱ ዞር ብላ አበረታታቻት። ውድድሩንም አሸንፋለች።

የባርሴሎናውን ምስል ፈልገህ እየው፤ በተለይ የሁለቱን ፈገግታ።